የፋሲካው በግ ጉበትና ሳንባ ላይ የውሃ ከረጢት ተገኘ፤ ሳንባውን ውሾች በሉት፤ ምንድነው ነገሩ?

የሱሉልታዋ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንኳን አደረሳችሁ። ለፋሲካ ያረድነው በግ ላይ ያየሁት ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል። የሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

የምኖረው ሱሉልታ ነው፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ። በጉ በጫንጮ በኩል የመጣ፣ ጥርሱን የጨረሰ ትልቅ ሙክት ነበር። እንደ ሁሌው በሰፈር የሚዞር አራጅ ጠርተን ጓሯችን ውስጥ አረደልን። ገፎ ሆዱን ሲከፍተው ጉበቱ ላይ ነጣ ያለ እብጠት አየን። ትልቁ ሦስት ጣት ያህል ስፋት አለው፣ በዙሪያው ደግሞ ትንንሾች አሉ። ሳንባው ላይም እንደዚያው። አራጁ አንዱን በቢላው ጫፍ ወጋ ሲያደርገው ጥርት ያለ ውሃ ፊጭ አለ።

«ይሄ ምንም አይደል፣ ውሃ አብዝቶ ስለጠጣ ነው» አለና ከጉበቱ ላይ ያበጠ ያበጠውን ቆርጦ አወጣ። ሳንባውንና የቆረጠውን ሰብስቦ ከአጥር ውጭ ወረወረው። የሰፈሩ ውሾች ተሻሙበት። የእኛው ቡቺም መሃላቸው ነበር። ጉበቱን አማቴ ለዱለት ፈልገውት ነበር፤ ባለቤቴ እምቢ ብሎ በደንብ ተጠብሶ ተበላ።

ቤት ውስጥ የአምስት ዓመት ልጅ አለችኝ። ከቡቺ ጋር አቅፋው ነው የምትውለው። ጉበቱን የበላነው ሰዎች እንሰጋለን ወይ? ውሻውስ ምን ይሆናል? ሰፈር ውስጥ ስጠይቅ ግማሹ «ሁሌም ያለ ነው» ይለኛል፣ ግማሹ «በጉ ታሞ ነው የተሸጠላችሁ» ይለኛል።

ኮዬ ፈጬ ብሎክ

እህቴ አትጨነቂ። እኛ ቤትም ባለፈው ዓመት እንደዚህ ዓይነት ወጥቶ ነበር። ያበጠውን ቆርጠን ጥለን ሌላውን በላን፣ ማንም አልታመመም። የተጠበሰ ነገር ምንም አያደርግም።

ጡረተኛው የሥጋ መርማሪ

ልጄ፣ እንኳን ጠየቅሽ። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ቄራ ውስጥ ሥጋ ስመረምር ነው። አሁን ጡረታ ወጥቼ ሰንዳፋ ነው የምኖረው። ያየሽውን ነገር በእጄ ብዙ ዳብሼዋለሁ።

የኮዬው ወንድማችን በአንድ ነገር ልክ ነው። ጉበቱን በመብላታችሁ ይህ በሽታ አይዛችሁም። ጥሬውን ብትበሉት እንኳ በዚህ ትል አትያዙም፣ ምክንያቱም በከረጢቱ ውስጥ ያለው የትል ዘር ሰው ሆድ ገብቶ አያድግም። የሚያድገው ውሻ ሆድ ውስጥ ነው። ስለዚህ ዓይናችሁ መሆን ያለበት ከአጥር ውጭ በተወረወረው ሳንባ ላይ ነው፤ ምጣድ ላይ የወጣው ጉበት አያሳስብም።

መጀመሪያ ነገሩን እንለየው። ሱሉልታ ሜዳው በክረምት ውሃ ይተኛበታል። እንደዚያ ያለ ረግረግ የሚግጥ በግ የጉበት ትልም ይይዘዋል። የጉበት ትል ግን ቅጠል የመሰለ ጠፍጣፋ ትል ነው። የሐሞቱን ቱቦ ስትቀጂ እየተላወሰ ይወጣል፤ ቱቦውም ይወፍርና ይደድራል። አንቺ ያልሽው ውሃ የቋጠረ ከረጢት ነው፣ ሳንባም ላይ አለ። ያ ሃይዳቲድ ይባላል። ትሉ ኢካይኖኮከስ ነው።

ከረጢቱን ቀስ ብሎ ለከፈተው ሰው ምልክቱ ግልጽ ነው። ውሃው ሲፈስ ከውስጥ አንድ ነጭ ስስ ሽፋን ይቀራል። በቢላ ጫፍ ስትስቢው ጉበቱ ላይ ሳይጣበቅ ሙልጭ ብሎ ይወጣል፣ እንደ ተቀቀለ እንቁላል ነጭ ይንቀጠቀጣል። ውሃውን በብርጭቆ ቀድተሽ ብታስቀምጪው ደግሞ ከሥሩ ደቃቅ አሸዋ የሚመስል ነገር ይዘቅጣል። አሸዋ አይደለም። እያንዳንዷ ቅንጣት የትል ራስ ናት። ውሻ አንድ ከረጢት በላ ማለት ያንን ሁሉ በላ ማለት ነው። በአንድ ውሻ አንጀት ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ትሎች ሊበቅሉ ይችላሉ።

ትሉ ራሱ ትንሽ ነው፣ ከ2 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ውሻው አይከሳም፣ አያስመልሰውም፣ ጭራውን እየቆላ ይኖራል። ስለዚህ ማንም አይጠረጥረውም። ግን ከበላ ከ6 ወይም ከ7 ሳምንት ገደማ በኋላ የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ጋር መውጣት ይጀምራል። እንቁላሉ በዓይን አይታይም። ሣር ላይ ይወድቃል። በግ ሣሩን ይግጣል። እንቁላሉ በበጉ አንጀት ውስጥ ይፈለፈላል፣ ግድግዳውን በስቶ ደም ውስጥ ይገባል። ከአንጀት የሚወጣ ደም መጀመሪያ የሚያልፈው በጉበት ነው፤ ስለዚህ ብዙው እዚያ ይቀራል። ከጉበት ያመለጠው ሳንባ ላይ ይያዛል። ለዚህ ነው ሁለቱ ላይ ያየሽው። ከዚያ ቀስ እያለ ውሃ ይቋጥራል። በጉ ውሃ መጠጣቱ የሚያመጣው ነገር የለም። ጥርሱን የጨረሰ በግ ላይ ጎልቶ የታየውም ከረጢቱ ለማደግ ብዙ ጊዜ ስለሚፈልግ ነው፤ ጠቦት ላይ ቢኖር እንኳ አታዩትም ነበር። ስለዚህ «ታሞ ነው የተሸጠላችሁ» የሚለውም ነጋዴውን ያለ ጥፋቱ መክሰስ ነው። በቁሙ ያለን በግ አይቶ ይህን የሚያውቅ ሰው የለም።

ሰው የሚገባው በበጉ ቦታ ነው። የውሻውን እንቁላል በእጁ፣ በጎመኑ ወይም በውሃው ይውጣል። ያኔ ከረጢቱ የሚበቅለው በሰውየው ጉበት ላይ ነው።

አሁን ወደ ቡቺ። ዳግማይ ትንሣኤ ያለፈው እሁድ ነበር። በዚህ ፋሲካ ከበላው ሳንባ የተነሳ ከሆነ ቡቺ ገና እንቁላል መጣል አልጀመረም። ጊዜ አለሽ ማለት ነው፣ ግን ብዙ አይደለም። የእንስሳት ክሊኒክ ሄደሽ ፕራዚኳንቴል የሚባለውን መድኃኒት በክብደቱ ልክ አሰጪው። ስሙን በደንብ ያዢው። አይቨርሜክቲን ብቻ ሰጥተው ቢሸኙሽ ለዚህ ትል አይሠራም። ያለፉ በዓላት ሳንባም በልቶ ሊሆን ስለሚችል ደግሞ መድኃኒቱን ከወሰደ በኋላ ለጥቂት ቀናት እሰሪው። ዓይነ ምድሩን በአካፋ አንስተሽ ቅበሪው ወይም አቃጥዪው። መድኃኒቱ ትሉን እንጂ እንቁላሉን አይገድልም፤ ትሉ ሲሞት እንቁላሉ ከነሕይወቱ ይወጣል። ይህን ብዙ ሰው አይነግርሽም።

የሱሉልታዋ

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ነው አሸዋው ምን እንደሆነ የገባኝ።

አንድ ሁለት ነገር ልጠይቅዎት። ቡቺን ዓምና ክትባት አስከትበነዋል፤ ወረቀቱም አለ። እሱ አይከላከልለትም? ሁለተኛ፣ ጓሮ ውስጥ ጎመንና ሰላጣ አለኝ። ቡቺ እዚያው ነው የሚተኛው። በሎሚና በአቼቶ ነው የማጥበው። ልጄንስ ላስመርምራት?

ጡረተኛው የሥጋ መርማሪ

ክትባቱ የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ጥሩ አድርገሻል፣ በየዓመቱ አሳድሺው። ለትል ግን ምንም አያደርግም። ሰው «ውሻዬ ተከትቧል» ብሎ ልቡን የሚያሳርፈው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በሎሚና በአቼቶ አትተማመኚ። የዚህ ትል እንቁላል ጠንካራ ቅርፊት አለው። አልኮልና የተለመዱ የጽዳት ኬሚካሎች አይገድሉትም። የሚገድሉት ሙቀትና ድርቀት ናቸው። የእኛ አገር ደጋ ደግሞ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው፣ ለሱ ይመቸዋል፤ እንደዚህ ባለ ቦታ መሬት ላይ ለወራት ይቆያል። ጎመኑን ቀቅዪው፣ ያኔ ነገሩ አለቀ። ሰላጣውን በሚወርድ ውሃ ቅጠል በቅጠል እያሸሽ እጠቢ፤ ሥራውን የሚሠራው የሚወርደው ውሃ ነው። መደቡን ደግሞ ቡቺ እንዳይገባበት እጠሪው።

የልጅሽን ነገር ለሕክምና ሰዎች እተወዋለሁ። እኔ የማውቀው ከቢላው በዚህ ያለውን ነው። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። እንቁላሉ ውሻው ፀጉርና አፍንጫ ላይም ይጣበቃል፤ ውሻ ራሱን ይልሳል። ልጅ ውሻ አቅፋ እጇን ሳትታጠብ ዳቦ ስትይዝ ነው መንገዱ የሚከፈተው። ከታሰረባቸው ቀናት በኋላ ውሻውን ከልጅሽ አትለዪው። እጇን አስታጥቢያት፣ ውሻውን አስታክሚው።

ነርስ ከቡራዩ

እህቴ፣ ስለ ልጅሽ ልመልስ።

መጀመሪያ ተረጋጊ። ይህ በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሰው ጋ ሲደርስ የትሉ መንገድ ይዘጋል፣ ምክንያቱም የሰውን ጉበት የሚበላ ውሻ የለም። ልጅሽ ምንም የሕመም ምልክት ከሌላት ዛሬ ተነስተሽ የምትሮጪበት ምክንያት የለም። በዚህ ፋሲካ ተይዛለች ብንል እንኳ አሁን በአልትራሳውንድ የሚታይ ነገር አይኖርም። ከረጢቱ በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ብዙ ሰው በልጅነቱ ተይዞ የሚያውቀው አድጎ፣ ወልዶ፣ ለሌላ ነገር አልትራሳውንድ ሲነሳ ነው።

ከ10 በሽተኞች በ7ቱ ገደማ ከረጢቱ ጉበት ላይ ነው፣ በ2ቱ ሳንባ ላይ። ጉበት ላይ ሲያድግ ከቀኝ ጎድን በታች መክበድ፣ ሕመም፣ አንዳንዴም የሚዳሰስ እብጠት ይኖራል። ሳንባ ላይ ሲሆን የማይለቅ ሳልና የደረት ሕመም። እንዲህ ያለ ነገር ያለበት ሰው ሐኪም ጋ ሲቀርብ «ቤታችን ውሻ አለ፣ ጓሮ ነው የምናርደው» ብሎ ይናገር። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር የሐኪሙን ሐሳብ ወደ ትክክለኛው ቦታ ትወስደዋለች። እኛ ጋ የሚመጡ ሰዎች ስለ በጉና ስለ ውሻው ሳይጠየቁ አያነሱም፤ አይፈረድባቸውም፣ ማን ያገናኘዋል?

ሕክምና አለው። እንደ ከረጢቱ ዓይነትና መጠን ይለያያል። አልበንዳዞል ለወራት የሚወስዱ አሉ፣ ኦፕራሲዮን የሚሠሩ አሉ፣ ሐኪም በአልትራሳውንድ እያየ በመርፌ ቀድቶ መድኃኒት የሚጨምርላቸው አሉ፣ ከረጢቱ ሞቶ ስለሚገኝ በክትትል ብቻ የሚቆዩም አሉ። አጥብቄ የምለምናችሁ እብጠት ያለበትን ሰው ሆድ አታሹ፣ ወጌሻ ጋ አትውሰዱ። ከረጢቱ ሆድ ውስጥ ከፈነዳ ውሃው ኃይለኛ አለርጂ ያስነሳል፣ ሰው ሊሞት ይችላል። ከሞት ቢተርፍ እንኳ እነዚያ ጋሼ ያሏቸው አሸዋዎች በየቦታው አዲስ ከረጢት ያበቅላሉ።

ወተት አምራች ከሰበታ

ጋሼ፣ እኔ ላሞች አረባለሁ። እኛ ጋ ደግሞ ለበዓል የሚታረደው በቅርጫ በሬ ነው። ብዙ ጊዜ ጥሬ እንበላለን፣ መቼም የምናውቀው ነው። ከዚያ ኮሶ ይይዘናል። ያም የሚመጣው ከውሻ ነው? ሥጋው ላይ ከረጢት አይቼ አላውቅም።

ጡረተኛው የሥጋ መርማሪ

ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ፣ ምክንያቱም ኮሶ የዚህኛው ግልባጭ ነው። እዚያ ውሻው ጋ የነበረው ቦታ አሁን የአንተ ነው።

በሃይዳቲድ ትሉ የሚኖረው ውሻ አንጀት ውስጥ ነው፣ ከረጢቱ በጉ ላይ። በኮሶ ትሉ የሚኖረው ሰው አንጀት ውስጥ ነው፣ ከረጢቱ በሬው ላይ። ውሻ የለበትም። የኮሶ ትል ከ4 እስከ 12 ሜትር ይደርሳል። ከጅራቱ በኩል ነጭ ጠፍጣፋ ቁራጮች እየተበጠሱ ይወጣሉ። የያዘው ሰው ያውቃቸዋል፣ ራሳቸው ይንቀሳቀሳሉና። አንዱ ቁራጭ ብቻ እስከ 100,000 እንቁላል ሊይዝ ይችላል። ሰውየው ሜዳ ላይ ከተጸዳዳ፣ ወይም የሽንት ቤቱ ፍሳሽ ወደ ግጦሹ ከወረደ፣ ጥጃህ ከሣሩ ጋር ይበላዋል። ከአንጀቱ ተነስቶ በደም ወደ ሥጋው ይገባል። ከ10 ሳምንት ገደማ በኋላ ሰው ለመያዝ ዝግጁ ነው።

አይቼ አላውቅም ያልከው ከረጢቱ በጣም ትንሽ ስለሆነ ነው። 1 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ሥጋው ውስጥ ተሸጉጣ የምትቀመጥ ነጭ ፍሬ ናት፣ በውስጧ አንዲት ነጥብ አለች። እኛ ስንመረምር መንጋጋውን እንሰነጥቃለን፣ ምላሱን እንዳብሳለን፣ ልቡን ከፍተን እናያለን፣ የትከሻውን ሥጋ እንቆርጣለን። ብዙ የሚሠሩ ጡንቻዎች ናቸው፣ ደም በብዛት ይደርሳቸዋል፣ ትሉም እዚያ ይበዛል። በቅርጫ ግን ማን መንጋጋ ሰንጥቆ ያያል? ሥጋው በመደብ በመደብ ይከፋፈላል፣ ዕጣ ይጣላል፣ ሁሉም ድርሻውን ይዞ ይገባል። ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፣ ቄራ የተመረመረ ሥጋም ቢሆን ሁሉም ፍሬ አይገኝም። ሬሳውን በሙሉ ስንሰነጣጥቅ ማን ይገዛዋል? ስለዚህ ማኅተም ያለበትን ሥጋ ጥሬ የሚበላ ሰውም ከኮሶ ነጻ ነኝ ማለት አይችልም። ሥጋው እስከ ውስጡ ቀይነቱ እስኪጠፋ ከበሰለ ትሉ ይሞታል። ፍሪዘር ያለው ሰው ደግሞ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ቢያንስ 10 ቀን ያቆየው።

አንተን ግን ሌላ ነገር ልጠይቅህ። ላሞችህን የሚጠብቁት ልጆች ሽንት ቤት አላቸው? አያቶቻችን በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጡ ነበር፣ የኮሶ ዛፍ አበባ። ሠርቶላቸዋል፤ ትሉ ይወጣል። ግን ጠጥተው የሚወጡት ሜዳ ነው። የወጣው ትል ከነእንቁላሉ ግጦሹ ላይ ይቀራል፣ በሬው ይበላዋል፣ በሬው ይታረዳል። መድኃኒቱን ባለማቋረጥ ጠጡ፣ ትሉም ባለማቋረጥ ተመለሰ። ዛሬም ኒክሎሳማይድ ወይም ፕራዚኳንቴል ውጦ ሜዳ የሚወጣ ሰው ያው ነው። ራስህን ስታክም ሠራተኞችህንም አሳክም፣ ሽንት ቤት ቆፍርላቸው። ይሄ ለከብትህም መድኃኒት ነው።

ኮዬ ፈጬ ብሎክ

ጋሼ፣ እኔ ከላይ «አትጨነቂ» ያልኩት ነኝ። የነገሩን ሌላ ጎን አላየሁትም ነበር፤ አመሰግናለሁ።

ግን እንደ እኛ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው የት ይቅበር? በዓል ሲደርስ ሁሉም ሕንጻው ሥር ነው የሚያርደው። ፈርሱም ሳንባውም በማዳበሪያ ከረጢት ተጠራቅሞ የቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ይቀመጣል። ማታ ውሾቹ ቀደው ይጎትቱታል። ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ በዚያ መሃል ነው የሚያልፉት። ደግሞ ውሾቹ የማንም አይደሉም፤ ማን መድኃኒት ይሰጣቸዋል?

ጡረተኛው የሥጋ መርማሪ

ልጄ፣ የነካኸው ዋናውን ነገር ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ይህ ትል በራሱ የትም መሄድ አይችልም። እግር የለው፣ ክንፍ የለው፣ እንደ ወባ ትንኝ የሚሸከመው የለ። ከበግ ወደ ውሻ የሚሻገርበት ድልድይ አንድ ብቻ ነው። እሱም የእኛ እጅ ነው። ያንን ሳንባ ውሻ ካልበላው ነገሩ እዚያው ያበቃል። ከውሻ ወደ በግ፣ ከውሻ ወደ ልጅ ያለውን መንገድ መዝጋት ከባድ ነው፤ ሜዳውን ሁሉ ማጠብ አትችልም። ከበግ ወደ ውሻ ያለውን ግን በበዓል ጠዋት በአንድ ቢላና በአንድ ባልዲ ትዘጋዋለህ።

አይስላንድ የምትባል ደሴት አለች፣ በግ የበዛባት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሕዝቧ በዚህ በሽታ ክፉኛ ይሰቃይ ነበር። ሃራልድ ክራቤ የሚባል ዴንማርካዊ በ1863 እ.ኤ.አ. ሄዶ ውሾቹን መረመረ፤ ከ100 ውሾች በ28ቱ ትሉን አገኘ። ያኔ አልትራሳውንድ የለም፣ ፕራዚኳንቴል የለም። ያደረጉት ምንድነው? ነገሩን በቀላል ቋንቋ ጽፈው ለገበሬው በተኑ። ገበሬው ማንበብ ይወድ ነበር፣ አነበበው። ከረጢት ያለበትን ሆድ ዕቃ መቅበርና ማቃጠል፣ የውሻን ቁጥር መቀነስ፣ ውሻን ማከም ቀስ በቀስ ሕግም ልማድም ሆነ። በሽታው ከደሴቲቱ ጠፋ። ኒው ዚላንድም ብዙ አሥርት ዓመታት ለፍታ በ2002 እ.ኤ.አ. ለጊዜው ነጻ ነኝ ለማለት በቃች። በተቃራኒው ከድንበራችን ማዶ ያለው የኬንያ ቱርካና በዓለም ላይ በሽታው እጅግ ከበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ሆኖ ሲጠቀስ ኖሯል። ከብት አለ፣ ውሻ ከሰው ጋር በአንድ ጎጆ ያድራል፣ ቄራ የለም።

እኛ ከተማ ዳር ያለን ሰዎች መሃል ላይ ነን። ቄራ አለ፣ ግን የበዓል በግ ቄራ አይሄድም። እኔ በሥራ ላይ እያለሁ የሚያናድደኝ ይሄ ነበር። በሳምንቱ ቀን የመጣውን ሳንባ አንድ በአንድ ዳብሰን ክፉውን እናስወግዳለን። በበዓሉ ቀን ግን በየጓሮው ስንት በግ ታረደ፣ የማንኛውንም ሳንባ ያየ ባለሙያ የለም። በግ ላይ ያለው ከረጢት ደግሞ ብዙ ጊዜ ፍሬያማ ነው፣ አሸዋ ያለበት። ከብት ላይ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ መካን ነው። ስለዚህ በጣም አደገኛው በግ ነው፣ እሱን ነው ጓሮ የምናርደው።

መቅበሪያ ለሌላችሁ፣ ሳንባና ጉበቱን በትልቅ ድስት ለ30 ደቂቃ ቀቅሉት። ውሃው ከፈላበት ሰዓት ጀምራችሁ ቁጠሩ። ትሉ ይሞታል፣ ያኔ ውሻም ቢበላው አይጎዳም። ጎረቤት ለጎረቤት አንድ ድስት ብትጥዱ ይበቃል። ባለቤት ለሌላቸው ውሾች ሌላ መላ የለም፤ የእነሱ መድኃኒት የሚበሉት የታመመ ሳንባ ማጣት ነው። ባለቤት ያላቸውን ግን በዓመት ቢያንስ 4 ጊዜ ፕራዚኳንቴል ስጧቸው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ አራጁን ያዙት። በበዓል ጠዋት አንድ አራጅ ከቤት ቤት እየዞረ የአንድን መንደር በጎች ያርዳል። እያንዳንዱን ሳንባ በእጁ የሚይዘው እሱ ነው። ከእሱ የተሻለ ሥጋ መርማሪ በሰፈሩ የለም፣ የሚያየው ነገር ምን እንደሆነ የነገረው ሰው ስለሌለ ብቻ ነው «ውሃ ስለጠጣ ነው» የሚለው። አትቆጡት። አሳዩት፣ ባልዲ ስጡት፣ «ሆድ ዕቃው እዚህ ይግባልን» በሉት። ከአንድ ቤት የተማረውን ሌላው ቤት ይዞት ይሄዳል።

ነርስ ከቡራዩ

ጋሼ ያሉትን አራጅ ጉዳይ እኔም እደግፋለሁ። አራጆቹ ራሳቸውም እጃቸውን በሳሙና የሚታጠቡበት ውሃ ይቅረብላቸው። ቆዳ ሲገፉ ፀጉሩ ላይ የውሻ ዓይነ ምድር የነካው ሊኖር ይችላል። ብዙዎቹ በዚያው እጅ ነው ቁርሳቸውን የሚቀምሱት።

የሱሉልታዋ

ለሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት የእድራችን ስብሰባ ነበርና ነገሩን አንስቼ የጋሼን ጽሑፍ ከስልኬ አነበብኩላቸው። አሸዋው የትል ራስ መሆኑን ስነግራቸው ቤቱ ጸጥ አለ። ብዙዎቹ ያዩት ነገር ነው ለካ። ከድንኳን ማስቀመጫው ጀርባ ባዶ ቦታ አለን፣ እዚያ የጋራ ጉድጓድ ሊቆፈር ተስማምተናል። አንድ አባት «ውሻ ድሮም ሳንባ ነው የሚበላው፣ ምን ልናበላው ነው?» ብለው ተከራከሩ። የመቀቀሉን ነገር ስነግራቸው እሺ አሉ።

ቡቺን ክሊኒክ ወስደነዋል። መዝነው በክብደቱ ልክ ኪኒኑን ሰጡት፣ አሁን ታስሯል። ልጄ ስለታሰረ ታለቅሳለች፣ ግን በየቀኑ እጇን እየታጠበች ሩቅ ሆና ታወራዋለች።

አራጃችንንም አግኝቼው ነበር። አልተቀየመም። እንዲያውም ትናንት የነገርኩትን ዛሬ መጥቶ ሌላ ጥያቄ ጠየቀኝ፣ እኔ መመለስ ስላልቻልኩ ወደ እርስዎ አመጣሁት። «ፍየልስ? ደግሞ ከረጢቱን ወግቼ ውሃውን መሬት ላይ ባፈስሰውስ?» ይላል። ጉድጓዱስ ምን ያህል ይጥለቅ?

ጡረተኛው የሥጋ መርማሪ

ፍየልም ያው ነው። ከብትም፣ ግመልም፣ አሳማም ይይዛቸዋል። አይውጋው በይው። ሲወጋው ውሃው ልብሱና ሣሩ ላይ ይረጫል፣ አሸዋውም ከውሃው ጋር ይፈስሳል፣ ውሻ መጥቶ ይልሰዋል። ከረጢቱ ሳይቀደድ ከነሳንባው ባልዲ ውስጥ ይክተተው።

ጉድጓዱ በሰው ቁመት ግማሽ ያህል ይውረድ። ከዚያ ባነሰ ውሻ ይጭረዋል፣ እናንተ ጋ ደግሞ ጅብ አለ። አፈሩን ከመለሳችሁ በኋላ ትልልቅ ድንጋይ ጫኑበት። ከውሃ ጉድጓድና ከወንዙ ራቅ ይበል። ለቡቺ የሰጡትን ኪኒን ስም ከማሸጊያው ላይ አንብበሽ ጻፊልኝ፣ ፕራዚኳንቴል መኖሩን ልይልሽ።